የኮሌጅ ቤዝቦል ልጆችን ከድራፍቱ በፊት እንዴት እንደማያቸው

ኮሌጅ ላይ .400 የሚመታ (ከአሥር ሙከራ አራቱን በደንብ መትቶ ቤዝ የሚይዝ) ልጅ ስታዩ ቶሎ አትደነቁ። ቁጥሩ ውሸት አይደለም፤ ግን ልጁ ብቻውን አልሠራውም። የብረት ባቱ (መምቻ ዱላው) አለበት፣ የተጫወተበት ሜዳ አለበት፣ ማክሰኞ ማታ የገጠመው ደካማ ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) አለበት። ፕሮፌሽናል የሆነ ዕለት እነዚህ ሁሉ እዚያው ኮሌጁ ጋ ይቀራሉ። ይዞት የሚሄደው ሌላ ነገር ነው። እኔ ሜዳ ሄጄ የምፈልገው ያንን ነው፣ ዛሬም የምጽፍላችሁ እሱን እንዴት እንደምለየው ነው።

የምኖረው ሰሜን ቨርጂኒያ ነው፤ ቡድኔ የዋሽንግተን ናሽናልስ ነው። ቡድናችሁ ዓመቱን ሙሉ ሲሸነፍ ከርሞ ድራፍት (ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት) ላይ ከፊት የሚመርጥ ከሆነ ሳታስቡት የኮሌጅ ጨዋታ ማየት ትጀምራላችሁ። እኔም የገባሁበት በዚያ በኩል ነው። አሁን ጸደይ በመጣ ቁጥር ቅዳሜና እሁዴ የሚያልፈው እዚያ ነው፤ አንዳንዴ ሜሪላንድ ኮሌጅ ፓርክ፣ አንዳንዴ ፌርፋክስ ጆርጅ ሜሰን፣ ሲመቸኝ ደግሞ ሁለት ሰዓት ነድቼ ቻርለትስቪል፣ ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ። ሐበሻ ወዳጆቼ፣ በተለይ ልጆቻቸው ቤዝቦል የሚጫወቱላቸው፣ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ፦ "ይሄ ልጅ ትልቁ ሊግ ይደርሳል?" ይደርሳል ወይም አይደርስም ብዬ አልመልስም። የማየውን ግን እነግራቸዋለሁ።

ለአዲስ ሰው ሥርዓቱን ባጭሩ። ድራፍቱ በየዓመቱ ጁላይ ላይ ነው፤ 20 ራውንድ አለው። ከ2023 ጀምሮ የመጀመሪያዎቹ 6 ምርጫዎች የሚወሰኑት በዕጣ ነው፤ ስለዚህ መጨረሻ መውጣት ብቻውን አንደኛ ምርጫ አያሰጥም። የአራት ዓመት ኮሌጅ ተጫዋች የሚመረጠው ሦስተኛ ዓመቱን ሲጨርስ ወይም 21 ዓመት ሲሞላው ነው። ከሃይስኩል ከሚመረጥ ልጅ በዕድሜ ስለሚበልጥ ቡድኖቹ ቶሎ እንዲደርስላቸው ይጠብቃሉ። እኛ ሰፈር የሚታወቀው ምሳሌ ራያን ዚመርማን ነው። በ2005 ከቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ 4ኛ ሆኖ ተመረጠ፣ እዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ የናሽናልስን ማልያ ለብሶ ትልቁ ሊግ ላይ ሲጫወት ነበር። እንዲህ ያለ ፍጥነት ብርቅ ነው። አብዛኞቹ በዝቅተኞቹ ሊጎች፣ ከሲንግል ኤ ጀምሮ በሃይ ኤና በደብል ኤ አልፎ እስከ ትሪፕል ኤ፣ ዓመታት ይቆያሉ።

አሁን ወደ ባቱ። ኮሌጅ የሚጫወተው በአሉሚኒየም ወይም በኮምፖዚት ባት ነው። በ2011 ቢቢኮር የሚባል ደረጃ ወጥቶ የባቱ ጉልበት ተቀንሷል፣ ቢሆንም የእንጨትን ያህል ተጫዋቹን አይቀጣም። እንጨት ላይ ኳሱ በደንብ የሚወጣበት ቦታ ጠባብ ነው። ወደ ውስጥ የገባ ፋስትቦል (በሙሉ ኃይል የተወረወረ ፈጣን ኳስ) እጀታው አጠገብ ካገኘው ባቱ ይሰበራል፣ ኳሱም ፒቸሩ እግር ሥር ይንከባለላል። ያው ኳስ በብረት ባት ሲመታ ከሾርትስቶፑ (በሁለተኛና በሦስተኛው ቤዝ መሀል ከሚጠብቀው ተጫዋች) በላይ አልፎ ሂት ይሆናል፣ ልጁም ቤዙ ላይ ቆሞ ያጨበጭባል። እና እኔ ሂቱን አልመዘግብም፤ ኳሱ ባቱን የት ጋ እንደነካው ነው የምመዘግበው። ድምፁም ይነግራችኋል፤ እጀታው አጠገብ የተመታና መሀሉን ያገኘ ኳስ ድምፃቸው አንድ አይደለም፣ ጥቂት ጨዋታ ካያችሁ ጆሯችሁ ይለያል።

ልጁን በእንጨት የምታዩበት ጊዜ አለ፤ በጋ ላይ። ኬፕ ኮድ ሊግ ማሳቹሴትስ ውስጥ ነው፣ 10 ቡድኖች አሉት፣ ከ1985 ጀምሮ በእንጨት ባት ነው የሚጫወተው፣ ከመላው አገሪቱ ጥሩ የሚባሉ የኮሌጅ ልጆች እዚያ ይሰበሰባሉ። ስካውቶች (ለቡድኖች ተጫዋች የሚመለምሉ ሰዎች) አንድን ልጅ ኮሌጁ ላይ ካዩት ይልቅ ኬፕ ላይ ባሳየው ነገር ሲከራከሩ ብትሰሙ አይግረማችሁ። ዲሲ አካባቢ ለምንኖር ደግሞ ካል ሪፕከን የሚባለው ሊግ አለ፤ እሱም በእንጨት ነው፣ ቤተስዳ ቢግ ትሬይን የሚጫወትበት። ደረጃው ኬፕን አያክልም። ግን የሥራ ቀን ማታ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሄዳችሁ እንጨትና ኳስ ሲገናኙ ምን እንደሚመስል ማየት ትችላላችሁ፤ ለዓይን ማለማመጃ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

ሜዳውንም አትርሱ። ከአዲስ አበባ የመጣን ሰዎች ስስ አየር ምን እንደሆነ እናውቃለን። አልበከርኪ ከባሕር ወለል በላይ ከ5,000 ጫማ በላይ ነው፤ እዚያ የተመታ ኳስ ባሕር ዳርቻ ካለ ሜዳ ይልቅ ሩቅ ይሄዳል። ስለዚህ 20 ሆም ረን (አጥር አልፎ የወጣ ኳስ) የት የተመታ 20 እንደሆነ ጠይቁ። ማን ላይ እንደተመታም ጠይቁ። የኮሌጅ ሳምንት ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሁድ ነው፤ ቡድኑ ምርጥ ፒቸሩን የሚያቆመው ዓርብ ማታ ነው። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ የሚጫወቱት ጨዋታ አለ፤ እሱ ላይ የሚወጡት ብዙ ጊዜ ወጣትና ልምድ የሌላቸው ፒቸሮች ናቸው። አንድ ልጅ የሆም ረኑን ግማሽ ማክሰኞ ማክሰኞ ከመታው፣ የዓርቡን ለብቻ አውጥታችሁ እዩት። እንደ ኤስኢሲ እና ኤሲሲ ባሉ ጠንካራ ሊጎች ውስጥ ዓርብ ማታ 95 ማይል በሰዓት የሚወረውር ፒቸር መጋፈጥ የተለመደ ነው። እዚያ ላይ ያሳየውን አምናለሁ።

ዕድሜም አለ። ተጫዋቾች ከኮሌጅ ኮሌጅ መዘዋወር ከቀለላቸው ወዲህ 22 እና 23 ዓመት የሞላቸው ልጆች በብዛት ሜዳ ላይ አሉ። የ22 ዓመት ልጅ የ19 ዓመት ፒቸር ላይ ቢጎለብት ብዙ አይነግረኝም።

ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ መቺው የተወውን ኳስ እዩ።

ሰው ሁሉ የሚያየው የመታውን ነው። እኔ ደብተር ይዤ እሄዳለሁ፣ ለእያንዳንዱ ፒች (ውርወራ) ሁለት ነገር እጽፋለሁ፤ ኳሱ ስትራይክ ዞን (መቺው ሊመታው የሚገባ ኳስ የሚያልፍበት ቦታ) ውስጥ ነበር ወይስ ውጪ፣ ልጁ ሰነዘረ ወይስ ተወው። በቃ። ከጎኑ ፋስትቦል ይሁን ስላይደር (የሚታጠፍ ኳስ) አንድ ፊደል እጨምራለሁ። ፒቸሩ ከሚረግጠው ሰሌዳ እስከ ሆም ፕሌት (መቺው አጠገቡ የሚቆምበት) ያለው ርቀት 60 ጫማ ከ6 ኢንች ነው፣ 95 ማይል የተወረወረ ኳስ ወደ 0.4 ሴኮንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ ልጁ በዚያ ቅጽበት ውስጥ የሚወስነው ውሳኔ ባት ሲቀየር አይቀየርም፣ ሜዳ ሲቀየር አይቀየርም። ዓርብና ቅዳሜ አንድን ልጅ ካያችሁት ደብተራችሁ ላይ ሥዕሉ መውጣት ይጀምራል። ታች የሚወድቅ ስላይደር ላይ ደጋግሞ ይሰነዝራል? ቆጠራው ላይ ሁለት ስትራይክ ሲሆንበት ይደነግጣል ወይስ ያንኑ ዞን ይዞ ይቆያል? ሦስት ቦል ሲኖረው የማይረባ ኳስ ላይ ይጓጓል? ኮሌጅ ላይ ጉልበት ያለው ልጅ ከዞን ውጪ ያለውንም በብረት ባት እየመታ ማምለጥ ይችላል። ደብል ኤ ሲደርስ ፒቸሮቹ ያቺን ድክመት ካወቁበት ሌላ ነገር አይወረውሩለትም።

የ2024 ድራፍት ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው፣ ምክንያቱም ከፊት የተመረጡት የኮሌጅ መቺዎች ዓይነታቸው የተለያየ ነበር። ክሊቭላንድ አንደኛ አድርጎ የመረጠው ትራቪስ ባዛና ከኦሪገን ስቴት ነው፤ አውስትራሊያዊ ነው፣ ከዚያ አገር አንደኛ ሆኖ የተመረጠ የመጀመሪያው ሰው። በዚያ ዓመት .407 መታ፣ 28 ሆም ረን ነበረው፤ እኔን የያዘኝ ግን 76 ዎክ (በአራት ቦል በነፃ ቤዝ መያዝ) እና 37 ስትራይክ አውት (በሦስት ስትራይክ መውጣት) መሆኑ ነው። ስትራይክ አውቱ የዎኩ ግማሽ አልሞላም ማለት ነው። ሦስተኛ ሆኖ በኮሎራዶ የተመረጠው የጆርጂያው ቻርሊ ኮንደን .433 መትቶ 37 ሆም ረን ነበረው፤ ከዚያ በላይ ምን ይፈለጋል ያስብላል። ከድራፍቱ በኋላ ሃይ ኤ ላይ በተጫወተው አጭር ጊዜ ከ.200 በታች ነው የመታው። ይሄን የምጠቅሰው ልጁን ለማጣጣል አይደለም፤ ጥቂት ሳምንት ማንንም አይመዝንም። ግን .433 ራሱ ተሸክሞ አላሻገረውም፤ አዲስ ቦታ እንደ አዲስ ነው የጀመረው።

ኒክ ከርትዝ እና ጃክ ካግሊዮንን ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩ። ሁለቱም ግራ እጅ መቺዎች፣ ሁለቱም ግዙፍ፣ ሁለቱም ፈርስት ቤዝ። ከርትዝ ከዌክ ፎረስት አራተኛ፣ ካግሊዮን ከፍሎሪዳ ስድስተኛ ተመረጡ። ካግሊዮን በዚያ ዓመት .419 መትቶ 35 ሆም ረን ነበረው፣ ስትራይክ አውቱም በጣም ትንሽ ነበር። ወረቀት ላይ ካየነው ከከርትዝ ይበልጣል። ነገር ግን ስካውቶች አስቀድመው የሚያነሱት ስጋት አንድ ነበር፤ ከዞን ውጪ ያለ ኳስ ላይ ብዙ ይሰነዝራል፤ ስትራይክ አውት የማይሆነው እጁ ፈጣን ስለሆነና መጥፎውንም ኳስ ስለሚነካው ነው። ከርትዝ ላይ የሚነሳው ደግሞ ጉዳት እና ፈርስት ቤዝ ብቻ መጫወቱ ነበር እንጂ ዓይኑ አልነበረም፤ ኮሌጅ ላይ ዎኩ ከስትራይክ አውቱ ይበልጥ ነበር። በ2025 ሁለቱም ትልቁ ሊግ ገቡ። ካግሊዮን .157 መታ። ከርትዝ 36 ሆም ረን መትቶ፣ ጁላይ 25 ሂዩስተን ላይ በአንድ ጨዋታ አራት ሆም ረን አውጥቶ፣ የአሜሪካን ሊግ የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ። እሱም ትልቁ ሊግ ላይ ስትራይክ አውቱ በዝቷል፤ ሆኖም የማይመታውን ኳስ ስለሚተው ፒቸሮች ወደ ዞኑ መምጣት ግድ ይሆንባቸዋል፣ ሲመጡ ደግሞ ያወጣዋል። ካግሊዮን ገና ወጣት ነው፣ ሊስተካከል ይችላል፣ እንዲስተካከልም እመኛለሁ፤ የሚገርም ጉልበት ነው ያለው። የሚማረው ነገር ግን ከድራፍቱ በፊት ቁጭ ብሎ ላየው ሰው የተደበቀ አልነበረም።

ይሄ መመዘኛ ዋስትና ነው እያልኩ አይደለም። ናሽናልስ በ2023 ሁለተኛ አድርጎ የመረጠው ዲላን ክሩዝ ኤልኤስዩ (ሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ) ላይ .426 መትቶ 71 ዎክ እና 46 ስትራይክ አውት ነበረው፤ እኔ በምፈልገው መንገድ ሁሉ ጥሩ ነው። ትልቁ ሊግ ላይ ግን ጅማሬው ከብዶታል፣ 2025 ላይ ጉዳትም ደረሰበት፣ አማካዩም ወረደ። ዓይን ጥሩ ሆኖ ኳሱ መሬት መሬት እየሄደ ሲያስቸግር ይታያል፤ ኮሌጅ እያለም አንዳንድ ሰዎች ያነሱበት ነበር። ስለዚህ ደብተሬ ላይ ሦስተኛ ነገር እጨምራለሁ፤ በደንብ ሲያገኘው ኳሱ ወዴት ይሄዳል፣ መሬት ወይስ አየር። ብዙ ሰው ኤግዚት ቬሎሲቲ፣ ማለትም ኳሱ ከባቱ የወጣበት ፍጥነት፣ ላይ ብቻ ያተኩራል። 110 ማይል የወጣ ኳስ መሬት ላይ ተንከባሎ ሾርትስቶፕ እጅ ከገባ አውት ነው።

የት እንደምትቀመጡ ለውጥ ያመጣል። መጀመሪያ ከሆም ፕሌት ጀርባ ተቀመጡ፤ ስካውቶቹ ራዳር ይዘው እዚያ ነው የሚቀመጡት፣ ኳሱ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ የሚታየውም ከዚያ ነው። ጥቂት ኢኒንግ (የጨዋታው ዙሮች) ካለፈ በኋላ ተነሱ። ቀኝ እጅ መቺ ከሆነ የምታዩት ወደ ፈርስት ቤዝ በኩል ሂዱ፤ ደረቱና እጆቹ ወደ እናንተ ይዞራሉ። ግራ እጅ ከሆነ ወደ ሰርድ ቤዝ። ቀኝ እጅ ፒቸር ለማየትም ሰርድ ቤዝ በኩል ጥሩ ነው። ሌላው ደግሞ ቀደም ብላችሁ ድረሱ። ልምምዱ ላይ አንድ ሾርትስቶፕ እግሩን እንዴት እንደሚያዘጋጅ፣ ካቸሩ (ከመቺው ጀርባ ኳስ የሚይዘው) ሰከንድ ቤዝ ላይ እንዴት እንደሚወረውር ከጨዋታው በላይ በደንብ ይታያል። ካቸር ኳሱ ጓንቱን ከነካበት እስከ ሰከንድ ቤዝ 2.0 ሴኮንድ ገደማ ከወሰደበት መካከለኛ ነው፤ ከዚያ ካነሰ ጥሩ ክንድና ፈጣን እግር አለው። ከሆም እስከ ፈርስት ቤዝ ለቀኝ እጅ መቺ 4.3፣ ለግራ እጅ 4.2 ሴኮንድ መካከለኛ ይባላል። ስልካችሁ ላይ ያለው ሰዓት ይበቃል።

ስካውቶች ነጥብ የሚሰጡት ከ20 እስከ 80 ነው፤ 50 ማለት የትልቁ ሊግ መካከለኛ ተጫዋች ማለት ነው። መምታት፣ ጉልበት፣ ሩጫ፣ ክንድ፣ ፊልዲንግ እያሉ ለየብቻ ይሰጣሉ። እኔም እሞክረዋለሁ፣ ግን አንድ ነገር አስተውሉ፤ አምስቱ እኩል አይደሉም። መምታት 40 የሆነ ልጅ ሩጫው 70 ቢሆን ቤዝ ላይ ካልወጣ የት ይሮጣል? ደግሞም የሚጫወትበትን ቦታ ከባቱ ጋር አንድ ላይ መዝኑ። ኮሌጅ ላይ ሾርትስቶፕ የሆነ ብዙ ልጅ ፕሮ ላይ ወደ ሰከንድ ወይም ወደ ሰርድ ይዛወራል፤ ዛሬውኑ ፈርስት ቤዝ የሆነ ልጅ ግን የሚሄድበት የለውም፣ መምታት አለበት።

ፒቸሮች ላይ ደግሞ ዓይናችሁን ከራዳሩ አንሱ። 97 የሚል ቁጥር ሲበራ ሰው ሁሉ "ኧረ!" ይላል፣ እኔ ያኔ የማየው መቺውን ነው። ዘግይቶ ነው የሰነዘረው? ወደ ኋላ ቀጥ ብሎ የወጣ ፋውል (ከመስመር ውጪ የሄደ ኳስ) ከሆነ ሰዓቱን ይዞታል ማለት ነው፣ ትንሽ ብቻ ነው የሳተው። ቀኝ እጅ መቺ ወደ ፈርስት ቤዝ በኩል እያወጣው ከሆነ ፋስትቦሉ ደርሶበታል። 93 የሚወረውር ፒቸር ላይ መቺዎች እየዘገዩ፣ 97 የሚወረውር ላይ ግን በደንብ እያገኙት ካየሁ ባለ 93ቱን አስቀድማለሁ። ኳሱ ከእጁ ሲወጣ የሚደበቅ ነገር አለው፣ ወይም መቺው ይወርዳል ሲል ከፍ ብሎ የሚቆይ ነው፤ ያ አብሮት ይሄዳል።

ከዚያ ሁለተኛውና ሦስተኛው ፒች። ሁለት ቦል ዜሮ ስትራይክ ሲሆንበት ስላይደሩን ዞን ውስጥ መጣል ይችላል? ወይስ ያኔ ፋስትቦል ብቻ ነው የሚያምነው? ቼንጅአፕ (ፋስትቦል መስሎ ቀስ የሚል ኳስ) አለው? ቀኝ እጅ ፒቸር ግራ እጅ መቺን የሚያቆመው ብዙ ጊዜ በቼንጅአፑ ነው፤ ከሌለው ስታርተር (ጨዋታ ጀማሪ) ሆኖ መቀጠል ይከብደዋል፣ ወደ ሪሊፍ (ተተኪ ወርዋሪነት) ይሄዳል። አምስተኛና ስድስተኛ ኢኒንግ ላይ ፍጥነቱ ምን ያህል ወረደ? ሰው ቤዝ ላይ ሲወጣበት አወራወሩ ይለወጣል? ይሄን ሁሉ ለማየት ሙሉውን ጨዋታ መቀመጥ ያስፈልጋል፤ ሦስት ኢኒንግ አይቶ መሄድ ፒቸርን አያሳይም።

ፖል ስኪንስን አስቡ። በ2023 ከኤልኤስዩ አንደኛ ሆኖ በፒትስበርግ ተመረጠ፤ ክሩዝ ተከትሎት ሁለተኛ ሆነ፣ የአንድ ቡድን ልጆች አንደኛና ሁለተኛ ሲሆኑ የመጀመሪያው ነበር። ሰው የሚያወራው ስለ 100 ማይሉ ነበር። እኔ ደጋግሜ የማነሳው በ122 ኢኒንግ ከሁለት ሦስተኛ 209 ስትራይክ አውት አድርጎ 20 ዎክ ብቻ መስጠቱን ነው። 100 የሚወረውር ልጅ በየዓመቱ ይገኛል። 100 እየወረወረ ኳሱን የፈለገበት የሚያኖር አይገኝም። ሜይ 2024 ትልቁ ሊግ ገባ፣ በዚያው ጁላይ የኦልስታር ጨዋታ ጀማሪ ፒቸር ሆነ፣ በ2025 ለሊጉ ምርጥ ፒቸር የሚሰጠውን የሳይ ያንግ ሽልማት ወሰደ።

ከውጪ የማይታይ ነገር አለ፤ ክንዱ ውስጥ ያለው። እኛ ናሽናልሶች ይሄን በደንብ እናውቀዋለን። ስቲፈን ስትራስበርግ በ2009 ከሳን ዲየጎ ስቴት አንደኛ ተመረጠ፣ ጁን 2010 የመጀመሪያ ጨዋታው ላይ 14 ስትራይክ አውት አደረገ፣ እዚያው ዓመት ክርኑ ቶሚ ጆን የሚባለው የጅማት ቀዶ ጥገና አስፈለገው። በኋላ 2019 ላይ የወርልድ ሲሪስ ምርጥ ተጫዋች ሆኖልናል፣ ደስታችንን መቼም አንረሳውም፣ ጤናው ግን እስከ መጨረሻው አስቸገረው። የቫንደርቢልቱ ኩማር ሮከር ደግሞ በ2021 በኒው ዮርክ ሜትስ 10ኛ ተመርጦ፣ ከሕክምና ምርመራው በኋላ ቡድኑ ሳያስፈርመው ቀረ፤ በቀጣዩ ዓመት ቴክሳስ 3ኛ አድርጎ መረጠው። ስለዚህ ድራፍት ቀን ጥሩ ያላችሁት ፒቸር ሲወርድ ካያችሁ ቡድኖቹ ያበዱ አይምሰላችሁ፤ እኛ ያላየነውን የክንዱን የሕክምና ፊልም አይተዋል። ለፒቸር እናትና አባቶች አንድ ነገር ልለምናችሁ፤ አሠልጣኙ ልጃችሁን በአንድ ጨዋታ ስንት ፒች እንዳስወረወረው ቁጠሩ፣ ከበዛ ተናገሩ። ልጁ ራሱ ደክሞኛል አይልም።

የተመረጠበት ተራ የችሎታ ተራ እንዳይመስላችሁም። እያንዳንዱ ቡድን ለፊርማ ቦነስ የተመደበለት ገንዘብ አለው፤ ከ5 በመቶ በላይ ካለፈው የሚቀጥለውን ዓመት የመጀመሪያ ራውንድ ምርጫ ያጣል። ስለዚህ አንዱን በርካሽ አስፈርሞ የተረፈውን ለሌላው ይሰጣል። በ2024 አንደኛ የተመረጠው ባዛና 8.95 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ፤ ሁለተኛው ቼዝ በርንስና ሦስተኛው ኮንደን እያንዳንዳቸው 9.25 ሚሊዮን። አራተኛ ዓመቱን የጨረሰ ልጅ ደግሞ ወደ ኮሌጅ እመለሳለሁ ብሎ መደራደር ስለማይችል ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ትንሽ ነው፣ ችሎታው ቢኖረውም። ቤተሰብ ይሄን ማወቅ አለበት። በ2023 የወጣው ስምምነት ላይ የሲንግል ኤ ተጫዋች የዓመት ደመወዝ 26,200 ዶላር፣ የትሪፕል ኤ 35,800 ነበር። ቦነሱ ትንሽ ከሆነ ልጁ ለዓመታት የሚኖረው በዚህ ነው፤ ስለዚህ ሲፈርም የትምህርቱ ወጪ ውሉ ውስጥ እንዲገባ ጠይቁ፣ ቡድኖች የሚሰጡት ነገር ነው፣ ካልተጠየቀ ግን ሊቀር ይችላል።

ከታች የሚመረጡትንም እዩ። ጄከብ ዴግሮም ስቴትሰን ላይ ሾርትስቶፕ ነበር፤ መወርወር የጀመረው ዘግይቶ ነው፣ በ2010 ዘጠነኛ ራውንድ ላይ ሜትስ ወሰደው፣ በኋላ ሁለት ሳይ ያንግ። ፖል ጎልድሽሚት ከቴክሳስ ስቴት ስምንተኛ ራውንድ ነው፣ በ2022 ኤምቪፒ (የሊጉ ምርጥ ተጫዋች) ሆነ። ትልልቅ ስም ያላቸው ኮሌጆች ብቻ ላይ ከተጣበቃችሁ እንዲህ ያሉት ያመልጧችኋል። ትንሽ ኮሌጅ ሄጄ ማንም ራዳር ያልያዘበት ሜዳ ላይ መጥፎ ኳስ የማይነካ ልጅ ሳይ የሚሰማኝ ደስታ ትልቅ ስታዲየም ውስጥ አላገኘሁትም።

መጀመር ከፈለጋችሁ የኮሌጁ ወቅት የሚከፈተው ፌብሩዋሪ አጋማሽ ላይ ነው። ፕሮግራሙ ኮሌጆቹ ገጽ ላይ አለ። ዓርብን ምረጡ፣ ከሁለቱም ቡድን አንድ አንድ መቺ ብቻ ያዙ፣ ሁሉንም ልከተል ካላችሁ ማንንም አታዩም። ውጪ፣ ውስጥ፣ ሰነዘረ፣ ተወ። በሚቀጥለው ወር ያንኑ ልጅ ሌላ ሜዳ ላይ፣ ሌላ ጥሩ ፒቸር ፊት ድገሙት። ደብተሩን አትጣሉት፤ ድራፍቱ ካለፈ ከሁለት ዓመት በኋላ ደብል ኤ ላይ ምን እየሠራ እንደሆነ ከጻፋችሁት ጋር አስተያዩት። እኛ አካባቢ ሪችመንድ እና ቦዊ የደብል ኤ ቡድን ስላላቸው ብዙዎቹ በዚያ ያልፋሉ፣ መኪና ካላችሁ ሁለቱም ሩቅ አይደሉም።